ያልተቆጠረችው ጳጉሜ

ሚያዝያ 27

ሾላ ገበያ፣ ሱቄ ዋልኩ። ምስር ተሸጦ ሄደ፣ ሽምብራ ተኛ። የሰው አፍ ግን አልተኛም። "አሁንም አልወለድሽም?" "ኧረ ሀይማኖት፣ መንታ ነው እንዴ?" አንዷማ ሚዛኑን ትታ ሆዴን በዓይኗ መዘነችው። "እህቴ፣ ምስሩን ነው እኔን የምትገዢው?" አልኳት። ሳቀች። ስቃ ስቃ ግማሽ ኪሎ ብቻ ገዝታ ሄደች።

ጎኔ በርበሬ የምትሸጠው እታገኝ ወንበሯን ሰጠችኝ። እግሬ አብጧል። ጫማዬ አልገባ ብሎኝ የባሌን ነጠላ ጫማ አድርጌ ነው የወጣሁት። የኢታና እግር መቼም ጀልባ ነው... በሁለቱ ውስጥ ስንሳፈፍ ዋልን፣ እኔና ልጄ።

ቀኔ ከነገ ወዲያ ነው። የወር አበባዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ሐምሌ ገብርኤል፣ አስራ ዘጠኝ። አልረሳውም። ነጠላ ለብሼ ወጥቼ ከቅጥሩ በር የተመለስኩበት ቀን ነው። የኢታና እናት እትዬ አሳየች በጣታቸው አንጓ ቆጠሩልኝ፤ ዘጠኝ ወር ከአስር ቀን፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ እንዳስተማረቻቸው። ሚያዝያ 29 ወጣ። ሐኪም ቤት ክትትል የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ዶክተሯ "አልትራሳውንዱ አሁን ቀኑን በደንብ አይናገርም፣ አንቺ መቼ ነው የምትይው?" ስትለኝ፣ ሃያ ዘጠኝ አልኳት። ፍርጥም ብዬ።

ሦስት ዓመት ነው የለመንኩት። በሰላም ይውጣልኝ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ሚያዝያ 29

ምንም።

እትዬ አሳየች ከእንጦጦ ወረዱ። የገብስ ዱቄትና ቅቤ ተሸክመው፣ ለገንፎው። "ዛሬ ነው" ብለው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ወተት እሳት ላይ እንደጣደ ሰው ሲያዩኝ ዋሉ። አልገነፈልኩም።

ሚያዝያ 30

ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተር ጸጋ ሆዴን ዳበሰች፣ የልጁን ልብ አሰማችኝ። ድብ ድብ ድብ... ምን ያስሮጠዋል? "ደህና ነው። የመጀመሪያ ልጅ ይዘገያል" አለች። "እስከ ግንቦት 8 ካልመጣ ግን ልብስሽን ይዘሽ ነይ። ምጡን በመድኃኒት እናስጀምረዋለን።"

ለምን? ዝም ብሎ ቢጠበቅስ?

"ቀኑ በጣም ሲያልፍ እንግዴ ልጁ ይደክማል። ልጁን በደንብ አይመግብም። የሽርት ውሃውም ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ማቆየት ለልጁ አደጋ ነው።"

አደጋ። ይቺ ቃል ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ ተቀምጣ ወሰን ሰፈር ቤታችን ድረስ መጣች።

ቤት ስነግራቸው እትዬ አሳየች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ምጥ በመርፌ? ልጄ፣ ምጥ እንደ ሽንኩርት አይገዛም! ሲፈቅድ ይመጣል። ይሄን ከቀኑ አሳልፌ አይደል የወለድኩት? ይኸው በሬ አክሏል።" በሬው እጁን በቤንዚን እየታጠበ ነበር፣ ከጋራዥ መግባቱ ነው። "እማዬ፣ መኪና አልነሳ ሲል ይገፋል አይደል?" አለ። "ምራቴን መኪና አደረግካት? ዝም በል!" አሉት። ሳቅኩ። ስስቅ ሽንቴ አመለጠኝ። ያ ደግሞ ሌላ ሳቅ።

እታገኝ ደወለች። ልታጽናናኝ። "የመርፌ ምጥ እሳት ነው እህቴ። የአክስቴ ልጅ ሁለት ቀን አምጣ መጨረሻዋ ኦፕራሲዮን ሆነ። ግን አይዞሽ።" ግን አይዞሽ! ስልኩን ዘጋሁ።

ፈርቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ግን ልጻፈው። ፈርቻለሁ።

ነገ ልደታ ናት። እትዬ "እንጦጦ እንውጣ፣ ጸበሉን ቅመሺ፣ ማርያም ራሷ ትፈታሻለች" አሉኝ። እሺ አልኩ። ጸበልም እወዳለሁ፣ ዳገትም ምጥ ያመጣል ይላሉ። ከሁለት አንዱ ይስራ።

ግንቦት 1፣ ልደታ

ወጣሁ! መኪናው ግማሽ መንገድ አድርሶን የቀረውን በእግሬ። እትዬ ፊት ፊት፣ እኔ እንደ ዳክዬ ከኋላ። ባህር ዛፉ ሥር በቆምኩ ቁጥር ዞር ብለው "ጀመረሽ?" ይላሉ። "ትንፋሽ ነው እትዬ!" ማርያምን ተሳለምኩ። ጸበል ጠጣሁ። አለቀስኩም ትንሽ። ልቤ ቀለለኝ፣ ሆዴ ግን ድንጋይ።

ከሰዓት እትዬ ቤት ደጅ ሰፈሩ ለልደታ ተሰበሰበ። ንፍሮው ሜዳ ላይ ወጣ። ስንዴውንና ባቄላውን እኔ ነኝ ከሱቄ ያመጣሁት። ሴቶቹ ሆዴን እያዩ ይመርቃሉ። አንዷ "በመርፌ ሊያስወልዷት ነው አሉ" ስትል እትዬ ተነሡ። "ምን ያስቸኩላል? እመቤታችን እንኳ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ተሸክማለች!"

ንፍሮው አፌ ውስጥ ቀረ። ይሄን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። አምስቷ ቀን ግን ከየት መጣች?

"እትዬ፣ አምስቷ ቀን ምንድን ናት?"

"ምን ማለትሽ ነው? ጽንሰቱ መጋቢት ሃያ ዘጠኝ። ልደቱ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ። ዘጠኝ ወር። መሃል ላይ ጳጉሜ አለች፣ አምስት።"

"እኛስ? እኛ ጳጉሜን ቆጠርናት?"

እትዬ ጣታቸውን አነሡ። ሐምሌ ገብርኤል... ነሐሴ... መስከረም... ጣታቸው ቆመ። እንደገና ጀመሩ። ነሐሴ፣ መስከረም። እንደገና።

"ጳጉሜ ወር ናት እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው።

ወር አይደለችማ! ደሞዝ የለባት፣ እቁብ የለባት። የሱቄ ባለቤት ጋሽ ወልደ ሐዋርያት እንኳ የጳጉሜ ኪራይ ጠይቀውኝ አያውቁም። ሁላችንም ዘለን ነው የምናልፋት። ልጄ ግን በየት በኩል ይዝለላት? አብሮኝ ውስጧ ነበር። ቀኔ ሃያ ዘጠኝ አልነበረም፣ አምስቱ ሲነሳ ሃያ አራት ነበር። ዶክተሯ ጠብቂ ያለችኝ በተሳሳተ ቀን ነው። ግንቦት 8 ድረስ ብቆይ... አልጽፈውም።

"ነገ ጠዋት እገባለሁ" አልኩ። እትዬ "ዛሬ የእመቤታችን ቀን ነው፣ ትንሽ ጠብቂያት" አሉ። ድምፃቸው ግን የትናንቱ አይደለም። "እሷው ናት ያስቆጠረችን እትዬ" አልኳቸው። ቁልቁል ስንወርድ ክንዴን ይዘው ነበር። አንድም ጊዜ "ጀመረሽ?" አላሉኝም።

ግንቦት 2

አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ዶክተር ጸጋ ነገሩን ስነግራት መነጽሯን አወለቀች። "ጳጉሜን ዘላችኋታል?" ወዲያው አልትራሳውንድ። ውሃው ቀንሷል። "ዛሬውኑ ትተኛለሽ። እንኳን መጣሽ።"

አዋላጇ ሩሃማ ትባላለች። ልጅ እግር፣ ግን እጇ የረጋ። ምን እንደሚሆን ሁሉን ነገረችኝ፣ እኔም ነገር በፊት ለፊት ሲነገረኝ ነው የምወደው። የማህፀኔ በር ገና ዝግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ የጎማ ፊኛ ታስገባለች፣ ውሃ ትሞላዋለች፣ እሱ በሩን ቀስ እያለ ይገፋዋል። በቂ ሲከፈት ራሱ ይወድቃል። ቀጥሎ በግሉኮስ መድኃኒት፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ ምጡ እስኪመጣ። በየመሃሉ የልጁን ልብ ያዳምጣሉ። "ዛሬ ተኝተሽ ዛሬ ልወልድ ካልሽ እንጣላለን" አለች። "አንድ ቀንም ሁለት ቀንም ሊፈጅ ይችላል። መዘግየቱ ጥፋት አይደለም።"

"ኦፕራሲዮንስ?"

"ልጁ ከደከመ ወይም በሩ እምቢ ካለ፣ አዎ። ያኔ ደግሞ ያንን እናደርጋለን።"

እሷ ስትለው አላስፈራኝም። እታገኝ ስትለው ለምን አስፈራኝ?

አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚገባው አሉ። ኢታና ቦርሳዬን አንጠልጥሎ ተራመደ። እትዬ በሩ ጋ ቆመዋል፣ ዓይናቸው መሬት። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። "እትዬ ይግቡ" አልኩ። ኢታና ደነገጠ። እትዬ የበለጠ ደነገጡ። "እኔ? ቆጠራውን ያበላሸሁት እኔ?" "አብረን ነው ያበላሸነው፣ አብረን እናስተካክለዋለን። ይግቡ!" አልኳቸው። የሾላ ድምፄ ወጣ። ገቡ።

ፊኛው... ደስ አይልም። ማስዋብ አያስፈልግም። ገፍቶ ገፍቶ፣ እንደ ወር አበባ ቁርጠት። ኮሪደሩን እንድመላለስ ፈቀዱልኝ። እትዬ ከጎኔ። "ዳገቱ ይሻል ነበር" አሉ። ትክክል።

ግንቦት 3

ፊኛው ጠዋት ወደቀ። እልል ልል ነበር።

ግሉኮሱ ተሰካ። መጀመሪያ ምንም። "ይሄ ነው እሳቱ?" ብዬ እታገኝን በሆዴ አማኋት። ሩሃማ ጠብታውን ጨመረች። ከዚያ... እታገኝ ይቅር በይኝ።

ይመጣል፣ ወገቤን ይሰብራል፣ ይሄዳል። ሲሄድ እጽፋለሁ። በራሱ የሚመጣ ምጥ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሌላ አልወለድኩም። ይሄኛው መንደርደሪያ የለውም። እትዬ ወገቤን በመዳፋቸው ይጫኑልኛል። "ማርያም ማርያም" ይላሉ። ሩሃማ ጴንጤ ናት፣ እሷም "ጌታ ሆይ" ትላለች። ሁለቱም ይበሉልኝ።

ዶክተሯ መጣች። በሩ አዝግሟል። እስከ ማታ ካልቀጠለ ስለ ኦፕራሲዮን እንነጋገራለን አለች። እትዬ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ልጄ ይውጣ እንጂ በር አልመርጥለትም። በዚህም በዚያም፣ ይውጣ ብቻ።

መጣ ደግሞ

ግንቦት 4

ሴት ናት።

ልጻፈው። ትናንት ምሽት በሩ ተከፈተ። ቢላዋ አላስፈለገም። ውሃው ሲፈስ አረንጓዴ ነበር፣ ልጅ ሆድ ውስጥ ሲጨነቅ ነው አሉ እንዲያ የሚሆነው። የሩሃማ ፊት ሲቀየር አየሁ። "አሁን ግፊ። አሁን!" ገፋሁ። እትዬን አንገታቸውን ይዤ ገፋሁ፣ እስካሁን አዙረው ማየት አልቻሉም።

ወጣች። አላለቀሰችም።

ዝም... ዝም... ጠረጴዛ ላይ ወሰዷት። ጀርባዋን ሲያሹ፣ አፍንጫዋን ሲጠርጉ። "ልጄ! ልጄ ለምን ዝም አለች?" ከዚያ ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት! የኔው ልጅ ናት።

ደረቴ ላይ አስተኟት። ቆዳዋ እጆቿ ላይ ተልጧል፣ ጥፍሯ ረዝሟል። ዶክተር ጸጋ ጣቶቿን ገልጣ አየቻቸው። "የቆየች ልጅ ናት። ቆጠራሽ ትክክል ነው" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እስከ ስምንት ብትጠብቂ ኖሮ..." አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም።

እትዬ ኮሪደር ወጥተው እልል አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አላቆሙም። ዘበኛው "እናቴ፣ ለሴት ሦስት ነው፣ ደግሞ ሆስፒታል ነው!" አላቸው። "ሦስቱ ለሴትነቷ ነው። አምስቱ የጳጉሜ ዕዳ ነው!" ብለው ስምንት አደረሱት። ኢታና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር አሉ። በሬው።

ግንቦት 21

እትዬ ከእንጦጦ ማርያም ተመልሰው ገንፎ እያገነፉ ነው። ጡቴ ቆስሏል፣ እንቅልፍ የለም፣ ደስ ብሎኛል።

ጎረቤታችን ሙሽራዋ ልትጠይቀኝ መጣች። እሷም ይዛለች፣ ሦስተኛ ወሯ። እትዬ ማማሰያውን ይዘው ወጡ። "ለመጨረሻ መቼ አየሽ?" የካቲት አለቻቸው። ጣታቸውን አነሡ፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ... ቆሙ። አውራ ጣታቸውን ለብቻዋ አወጧት። "ጳጉሜ!" ከዚያ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? "ደግሞ ሐኪም ቀንሽ አልፏል፣ ግቢ ካለችሽ፣ እንዳትቀመጪ። ሰው ካጣሽ እኔ አብሬሽ እገባለሁ።"

ምጥ እንደ ሽንኩርት አይገዛም ያሉት እኚህ ናቸው። ገንፎዬን በላሁ።

ጳጉሜ 1

ሾላ ተመለስኩ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ለበዓል ገበያው ደርቷል። ሽምብራ እንኳ ሄደ።

የልጄ ስም ፊልሞና ነው። የሚጠራት የለም። ጳጉሜ ናት፣ ለአባቷም፣ ለእታገኝም፣ ለበርበሬ ደንበኞቹም። እትዬ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ታቅፈዋታል። የምትስቅበት ጊዜ ነው፣ ያገኘችው ላይ ሁሉ ትስቃለች።

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ጃንጥላ ይዘው ብቅ አሉ። ለመጪው ዓመት ኪራይ ሊነጋገሩ። "ይቺን ሳምንት ተያት፣ ከመስከረም ነው የምንጀምረው" አሉኝ። "ጳጉሜ አትቆጠርም።"

እትዬ ከጆንያው ተነሡ። ልጄን ከፍ አድርገው የሰውየው አፍንጫ ሥር አቆሟት።

"በሉ እስቲ፣ አትቆጠርም ይበሏት።"