እትዬ ወስፌና ሰባት ዓመት ደጅ የጠናው አቤቱታ

እትዬ ወስፌ ከመጽሐፍ ጠራዥ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ የዛሬ ስድሳ ሁለት ዓመት በጥቅምት ወር ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ፣ ለሴቶቹ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። በአራት ዓመታቸው የያዛቸው ትኩሳት ቀኝ እግራቸውን አሳጥሮ ለቀቃቸው። እናታቸው «እግሯን ነካ እንጂ ምላሷንማ ማን ደፍሮ!» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትለው፣ የአባታቸውን ሙያ ከአባታቸው ጉልበት ሥር ተማሩ። በሃያ ዓመታቸው በአንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ተቀጠሩ። ወስፌ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ወረቀት የሚበሱባት ወስፌ ከእጃቸው ስለማትጠፋ። ስሙ ገነነና እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ዋጠው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው እዚያው ማተሚያ ቤት ማሽን ይጠግኑ ከነበሩት፣ ዛሬ ሁላችንም አባባ ከምንላቸው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። አባባ በየቀኑ ወደ ጥራዝ ክፍል እየመጡ «ሙጫ አለሽ?» ይሉ ነበር። የማሽን ጠጋኝ ሙጫ ምን ይሠራለታል? እትዬ ወስፌ ስምንት ወር ሙሉ ሙጫ ከሰጧቸው በኋላ፣ «ሰውዬ፣ ወይ ተናገር ወይ ሙጫዬን መልስ» ብለው ነገሩን ጨረሱት። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላቸው የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጡና ቦታው በማስታወቂያ ወጣ። እትዬ ወስፌ ተወዳደሩ፤ ፈተናውንም አንደኛ ሆነው አለፉ። ቦታው የተሰጠው ግን መርፌ አያያዝ እሳቸው ራሳቸው ላስተማሩት፣ ከገባ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሰው ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቁ የሠራተኛ አስተዳደሩ ሹም በአምስት ሠራተኞች ፊት፣ «ኃላፊ ማለት እኮ እንግዳ ሲመጣ ከፊት ከፊት እየሄደ የሚያስጎበኝ ነው። እርስዎ በዚህ እግርዎ እንዴት አድርገው?» አሏቸው። አይ ሰው!

ያን ቀን ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው የተናገሩትን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። «ወንበሩን ይውሰዱት። ብቻ ማኅተም ያለው አንድ ሰው ተበድለሻል ብሎ ይጻፍልኝ።» የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ሌላ አልጠየቁም።

ነገሩ በደረጃ ነው፣ ከታች ሳይጀመር ወደ ላይ አይኬድም ተባሉ። መጀመሪያ ለማተሚያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመለከቱ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ሆኖ ተገኘ? ያው ሹም! ራሱ ተከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ። ከሁለት ወር በኋላ «ተቀባይነት አላገኘም» የሚል አንድ መስመር ሰጧቸው። ያንን ይዘው የሥራ ቦታ አድልዎን ወደሚመረምረው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። እትዬ ወስፌ በየፎቁ አረፍ እያሉ ወጡት። ማመልከቻው በሦስት ቅጂ ተሞላ፤ መርማሪውም ሦስት ጊዜ ተቀያየረ፤ አዲስ የመጣ ሁሉ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ይላቸዋል። ተስማሙ ተብለው ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ የማተሚያ ቤቱ ጠበቃ የምስጋና ወረቀት እንስጣቸው አለ። «የምስጋና ወረቀትማ እኛው አይደለን የምናትመው?» ብለው ተነሡ።

ሹሙ ሲናገር የሰሙት አምስቱ ሠራተኞች «እትዬ፣ ልጆች አሉን» እያሉ ከምስክርነቱ ሸሹ። እሳቸው አልተቀየሟቸውም። እኛ ግን ተቀይመናል፤ ከአምስቱ ሁለቱ ዛሬ ሊሸኟቸው እዚህ ቆመዋል፤ ለመምጣታቸው እግዜር ይስጥልን። በመካከሉ እትዬ ወስፌን ከመስፊያው ጠረጴዛ አንሥተው ካርቶን ማጠፍ ላይ አዋሏቸው። አዲሱ ኃላፊ ግን የወፍራም መጽሐፍ ጀርባ አልሆን ባለው ቁጥር ካርቶኑ ዘንድ እየመጣ ይጠይቃቸው ነበር። ያሳዩት ነበር! ምን ዓይነት ሆድ እንደሰጣቸው እንጃ።

ከዓመት ከስምንት ወር በኋላ መሥሪያ ቤቱ «በቂ ማስረጃ አላገኘንም፤ በዘጠና ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ» ሲል ጻፈላቸው። እንግዲህ ያኔ ነው ከእትዬ ወስፌ በቀር ማንም የማይሠራውን ስሕተት የሠሩት። ለዳኛ የሚቀርብ ነገር በሥርዓት መቅረብ አለበት ብለው፣ የአቤቱታውንና የማስረጃውን ሁለት መቶ አሥራ አንድ ገጽ በድርብ ክር ሰፍተው፣ ጀርባውን በሙጫ አጥብቀው፣ ጥቁር ሽፋን አልብሰው ጠረዙት። ዕድሜ ልካቸውን ከሠሩት ሁሉ ያማረ ሥራ ነበር። በሰማንያ ዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ለመዝገብ ቤት አቀረቡት።

የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ አገላብጣ አየችው። «እናቴ፣ እጅዎን ይባርከው። ግን እኛ ገጽ በገጽ ነው ማኅተም የምንመታው፤ ፈትተው ያምጡልኝ» አለችና መቀስ አቀበለቻቸው። እዚያው ቢቆርጡት ኖሮ! እሳቸው ግን በሙጫ የተያዘ ወረቀት በመቀስ ሲገነጠል ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል፣ የተቀደደ ማስረጃ ማን ያምናል ብለው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ዐርብ ከጠዋት ጀምሮ አባባ ጀርባውን በእንፋሎት እያለሰለሱ፣ እሳቸው ክሩን አንድ በአንድ እየመዘዙ ፈቱት። ፍርድ ቤቱ በር ሲደርሱ ጥበቃው ቁልፍ እያዞረ ነበር። ሰኞ ሲመለሱ ዘጠናው ቀን አልፏል ተባሉ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት የተከራከሩት ስለ እግራቸው አይደለም፤ ስለዚያች ዐርብ ነው። ዳኛ ተቀየረ ቀጠሮ፣ መዝገብ ጠፋ ቀጠሮ፣ ይግባኝ፣ የይግባኝ ይግባኝ። ስሕተቱ የራሳቸው ነው የሚል ሁሉ እውነቱን ነው፤ እሳቸውም ያውቁት ነበር፤ እኛም ምን እንላለን? በዚሁ መካከል ስድሳ ሞላቸውና ጡረታ ወጡ። ባለፈው ጥር በነፃ የቆሙላቸው ጠበቃ ደውለው፣ መዘግየቱ ይቅር ተብሎ ክርክሩ ከሥሩ እንዲሰማ መወሰኑን አበሠሯቸው። እትዬ ወስፌ ስቀው ስቀው እንባቸውን ጠረጉና «ገና ልጀምር ነዋ!» አሉ። ቀጠሮው ለሰኔ 12 ተሰጠ።

ቀድሞም ያስቸግራቸው የነበረው የልብ ሕመም በመጋቢት ጸናባቸው፤ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 6 ቀን በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት የነበሩት እትዬ ወስፌ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውንና ይህን ታሪክ የጻፈችውን ታናሽ እኅታቸውን ትተው አልፈዋል።

ጠበቃው እንደነገሩን፣ በቀጠሮው ቀን ከቤተሰቡ አንድ ሰው የሞት ማስረጃ ይዞ ይቀርባል፤ መዝገቡም ይዘጋል። አባባ እኔ እሄዳለሁ ብለዋል። «ወረቀቱን ስሰጥ አንዲት ነገር ልናገር ይፈቀድልኛል?» ብለውም ጠየቁ። ጠበቃው አንገታቸውን ደፍተው፣ «አይ አባባ፣ መናገር የለም፤ ማስረከብ ብቻ ነው» አሏቸው።

እንግዲህ እዚያ የማይሰማላቸውን እዚህ ስሙላቸው። አባባ ሊናገሩ ያሰቡት ይህን ብቻ ነው፤ «ባለቤቴ ተበድላለች።»

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለአባባም ያን ቀን የሚያቆማቸው ጉልበት ይስጣቸው።