ስለ እትዬ ክላሰር ኅልፈትና ስለ ቀረው አንድ ፊርማ

ለአራቱ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች፣ ለወላጆችና ለአካባቢያችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

መርዶውን ከማንበባችሁ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር እንንገራችሁ፤ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኛው ብትሰሙት ይሻላል። ይህ መግለጫ መውጣት የነበረበት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ትምህርት ቤቱ ሆስፒታሉ ያወጣዋል ብሎ ተቀመጠ፤ ሆስፒታሉ የሕፃናት ደኅንነት ቢሮን ጠበቀ፤ ደኅንነት ቢሮው ደግሞ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ መራው። ሰኞ ዕለት ከአራታችን ከአንዱ (የቱ እንደሆነ አንናገርም፤ ሌሎቹም ቢሆኑ ከማድረግ አይመለሱም ነበር) እንዲህ የሚል ደብዳቤ ወጪ ሆነ፦ «ለጉዳይ አስተባባሪዋ፤ የሀዘን መግለጫው በሚዘጋጅበት ሁኔታ ላይ አራቱን መሥሪያ ቤቶች እንዲያስተባብሩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። የተጻፈው ለሟቿ ነው።

የጋራ ኮሚቴያችን የጉዳይ አስተባባሪ የነበሩት፣ ልጆቹ «እትዬ ክላሰር» የሚሏቸው ባልደረባችን፣ ባለፈው ዓርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በሥራ ገበታቸው ላይ ሳሉ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሥራ ገበታ ስንል ጠረጴዛ እንዳይመስላችሁ። በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው ኮሪደር፣ ባለጉዳይ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ፣ ቢጫ ክላሰራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ተራ ቁጥር አርባ አንድን በእጃቸው ይዘው ነው ያረፉት። ቁጥራቸው ሦስት ጊዜ ተጠራ። ያሸለቡ የመሰለው ዘበኛ «እትዬ፣ ኧረ እርስዎን ነው የሚሉት! ዛሬስ ቀናዎት፣ ይነሱ እንጂ!» ብሎ ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው። ያ ዘበኛ ከዚያ ቀን ወዲህ በአግዳሚው በኩል ማለፉን ትቶ በጓሮ በር ነው የሚገባው።

ሐዘናችን ጥልቅ ነው። ድንጋጤያችን ግን ይብሳል፤ ምክንያቱን ዝቅ ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

እትዬ ክላሰር ወደ ኮሚቴው የመጡት ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ነው። ያኔ አእምሮው የታወከ፣ ትምህርቱ ያቃተው፣ ቤቱም ያልተረጋጋለት ልጅ ሲመጣ አራታችንም በየፊናችን ፋይል እንከፍትለት ነበር። አራት ፋይል፣ አራት ቀጠሮ፣ አንድ ልጅ። ሕመሙ አንድ ብቻ ቢሆን አንድ ቢሮ ይበቃው ነበር፤ የእነዚህ ልጆች ችግር ግን እንደ ተወሳሰበ ክር ነው፤ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ሌላው ይከርራል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፋይሎቹን ሰብስበው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቢጫ ክላሰር አደረጉለት። በተላላኪም አላኩትም። ራሳቸው ተሸክመው ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ፣ እስኪፈረም እንደማንኛውም ባለጉዳይ ቁጥር ወስደው ይቀመጡ ነበር። «የቤት ሰው ነዎት እኮ፣ በውስጥ በር ይግቡ» ሲባሉ፣ «እናቶቹ በየት በኩል ነው የሚገቡት?» ይሉና እዚያው ይቀመጣሉ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት «የፊት ገጽ» የተባለውን አመጡ። አንዲት እናት ያንኑ የልጃቸውን ታሪክ እንደገና ሊናገሩ አራተኛው ቢሮ ላይ ሲደርሱ «እንደ ካሴት አጠነጠናችሁኝ እኮ፤ አሁንስ ክሬ ሊበጠስ ነው» ሲሉ በጆሯቸው ሰምተው ነው። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ክላሰር የመጀመሪያ ገጽ ልጁን የሚያስፈራውን፣ የሚያረጋጋውንና የሚያምነውን ሰው በእጅ ጽሑፍ ይዟል። አፉን ከመክፈቱ በፊት ያንን ያላነበበ ባለሙያ ከእትዬ ክላሰር ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደው ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ደግሞ በስብሰባችን ላይ ደንብ ጣሉብን፤ ማንም ተወካይ «ይሄኛው የኔ ነው» የሚለውን ሥራ ሳይናገር ከወንበሩ አይነሳም። አንድ ቀን የሆስፒታሉ ተወካይ ጉሮሮውን ጠርጎ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው…» ብሎ ሲጀምር፣ «የኔ ልጅ፣ እናንተ ስታብሩ እስካሁን ያሰራችሁት እኔን ብቻ ነው፤ ይልቅ ፈርም» አሉት። ሳቅን። እሱም ፈረመ።

በእጃቸው ያለፉት ልጆች ስንት እንደሆኑ እዚህ ላይ ልንጽፍ ፈልገን ነበር። አራታችንም የተለያየ ቁጥር ይዘን መጣን። ትክክለኛውን የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ድንጋጤያችን እንመለስ። ዓርብ ዕለት ጭናቸው ላይ የነበረው የሚጢ ክላሰር ነው። ሚጢ የቤት ስሟ ነው፤ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው። ላለፉት ሃያ ሦስት ቀናት ሆስፒታሉ ውስጥ፣ የአዋቂዎች ክፍል ኮሪደር ላይ በተዘረጋ አልጋ ተኝታለች። ሆስፒታሉ በበኩሌ የምችለውን ጨርሻለሁ ይላል፤ ቤት ብትመለስ ራሷን እንዳትጎዳ ያሰጋል፤ ትምህርት ቤቱም ብቻውን አይችላትም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ትተውት አልጋው ሥር ካርቶን ላይ ይውላሉ። የልጆች ማገገሚያው አንድ አልጋ ይዞላታል፤ የሚቆየው ግን እስከ ነገ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ነው። ካለፈ ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ የሚጢ ተራ እንደገና የሚደርሰው ከሰባት ወር በኋላ ይሆናል። የሚፈለገው የአራታችን ፊርማ ያረፈበት አንድ ወረቀት ነው። እትዬ ክላሰር የትምህርት ቤቱንና የሆስፒታሉን አስፈርመው፣ ሦስተኛውን ፍለጋ ተቀምጠው ሳለ ነው ያረፉት።

ወረቀቱስ? «የሟች የግል ንብረት» ተብሎ እዚያው ቢሮ ንብረት ክፍል ተቆለፈበት። ዝርዝሩም ተመዝግቧል፦ መነጽር አንድ፣ ጃንጥላ አንድ፣ ክላሰር ቢጫ አንድ። ለማስወጣት ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። አራታችንም ሌላው ጽፎታል ብለን ቁጭ አልን። አዎ፣ ልክ እንደ መግለጫው።

ትናንት ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ታናሽ እኅታቸው ገና ከመቀመጣችን፣ «እኔን ማጽናናቱን ተዉት፤ የልጅቷ ወረቀት የት ነው ያለው?» አሉን። ንብረት ክፍል እንደ ተቆለፈበት ነገርናቸው። «አይ እኅቴ! አራት ሆነው አንድ በር አያንኳኩም ስትለኝ ታጋንናለች እል ነበር» አሉና አንገታቸውን ደፉ። እኛም ደፋን። ዛሬ ጠዋት ክላሰሩን እንደ ወራሽ ፈርመው ያስወጡት እርሳቸው ናቸው፤ እኅታቸውን በቀበሩ በአራተኛው ቀን።

የሕፃናት ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ወረቀቱን ግድግዳ አስደግፈው ፈረሙ። ሦስት ሆነ። የቀረው የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊው ፊርማ ነው። ኃላፊው ከሰኞ ጀምሮ ሥልጠና ላይ ናቸው፤ የሥልጠናው ርእስ «ተቀናጅቶ መሥራት» ይባላል። ቀልድ ቢሆን ደስ ባለን። ስልካቸው ዝግ ነው። ምክትላቸው «እኔ ውክልና የለኝም፤ ነገ ጠዋት ይገባሉ መሰለኝ» ብለዋል። እነሆ አንድ ልጅና አንድ ኮሚቴ «መሰለኝ» በምትል ቃል ላይ ተንጠልጥለን እናድራለን።

ለታናሽ እኅታቸው፦ ልናጽናናዎ መጥተን ሥራችንን አሠራንዎ፤ ይቅር ይበሉን። ለባልደረቦቻችን፦ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሸክሙ የቀለለን ሌላ ሰው ስለተሸከመልን ነበርና፣ ትከሻችንን እናዘጋጅ። በእርሳቸው ተስፋ ለነበራችሁ እናቶችና አባቶች ሁሉ፦ ነፍሳቸውን ይማርልን፣ ለእናንተም ብርታቱን ይስጣችሁ።

ለሚጢ ግን እንዲህ ያለውን ቃል አንልክም። የክላሰሯን የፊት ገጽ ዛሬ ጠዋት አብረን ቆመን አነበብነው። በእትዬ ክላሰር እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «በር በድንገት ሲከፈት ትደነግጣለች፤ በሁለት ጣት አንኳኩ። አይዞሽ አትበሏት፤ ከቦታ ቦታ ባዛወሯት ቁጥር የተባለችው እሱን ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ንገሯት። ከዚያ በሰዓቱ ተገኙ።»

ስለዚህ ቀኑ ሐሙስ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤቱ፣ ከሆስፒታሉና ከደኅንነት ቢሮው አንድ አንድ ሰው፣ ታናሽ እኅታቸውም «እመጣለሁ» ስላሉ ከእነርሱ ጋር፣ በፊት በር ገብተን፣ ቁጥር ወስደን፣ እዚያው አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። ስድስት ሰዓት ሲሞላ የሆነውን መጀመሪያ ለእናቷ፣ ከዚያ ለራሷ ለሚጢ እንነግራለን። ኮሪደር ላይ በር ስለሌለ የአልጋዋን ብረት በሁለት ጣት እናንኳኳለን። ለእናንተም እዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ከዚህ ወረቀት ሥር እንለጥፍላችኋለን፤ አልጋው ቢገኝም ባይገኝም፣ ማን እንደ ፈረመና ማን እንዳልፈረመ።

የጋራ ኮሚቴው

የትምህርት ቤቱ ማኅተም
የሆስፒታሉ ማኅተም
የሕፃናት ደኅንነት ቢሮ ማኅተም
(የአራተኛው ማኅተም ቦታ ክፍት ነው)