ለልጆችህ፣ ስለ ሦስቱ ቤቶቻችን

አምበር፣ ነሐሴ ፲ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ከተለየኸን ወዲህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ የአዲስ አበባው ክረምት አልከበዳችሁም? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። ጤፉ ተዘርቷል፣ ላሚቱም ወልዳለች።

ሐምሌ መግቢያ ላይ የጻፍኸው ደርሶኛል። መምህራቸው ለክረምት ሥራ የአያቶቻቸውን ቤት ጠይቀው እንዲስሉ ስላዘዛቸው፣ እናታችን ትንገርሽና አንቺ ጻፊላቸው ብለሃል። የዚያኑ ዕለት ተቀምጣ ስታወራልኝ አመሸች። ወዲያው ጽፌ መላክ ሲገባኝ ነገ ዛሬ እያልሁ አቆየሁት።

የመጀመሪያው የአያታችን ቤት ነው። ክብ አድርገው ይሳሉት፤ ጣሪያው የሰንበሌጥ ሣር ነው። ሰውም ከብትም የሚገባው በአንድ በር ነው። በግራ በኩል ጥጆቹና በቅሎዋ ይታሰራሉ፣ በቀኝ ሰው ይተኛል። እናታችን ልጅ ሳለች የበቅሎዋ ትንፋሽ እግሯን ያሞቃት እንደነበር ስትነግረኝ በሳቅ ፈረሰች። የከተማ ልጆች ይጸየፉን ይሆን ብላ ትንሽ አሰበችና፣ ግድ የለም ጻፊው አለችኝ።

ሁለተኛው አባታችን የሠራው፣ አንተና እኔ የተወለድንበት ነው። እሱም ክብ ነው፤ ከብቶቹ ግን የራሳቸው በረት ወጣላቸው። በግድግዳው ዙሪያ የጭቃ መደብ ነበረ። ልጅ በተወለደ ቁጥር አባታችን ጭቃ በጭድ ረግጦ መደቡን አንድ ክንድ ያስረዝመው ነበር። አራት ክንድ ላይ ቆመ። የሁለቱ ሕፃናት ወንድሞቻችን ቦታ እነሱ ካለፉም በኋላ አልፈረሰም፤ እናታችን በዓል በደረሰ ቁጥር ከእኛው ጋር ትለቀልቀው ነበር። ያንተ የመጨረሻው፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ነው። ሲበርድህ እየተነጫነጭህ ወደ እኔ ክንድ ትሻገር ነበር። በዚያ ቤት አንድ ሰው ካሳለ ሁሉም ይሰማል፤ ዝናቡም በሣር ጣሪያው ላይ ሲወርድ ድምፅ የለውም።

ሦስተኛውን ታውቀዋለህ፣ ቆርቆሮውን የላክኸው አንተ ነህና። አራት ማዕዘን ነው፣ መስኮት አለው፣ አያፈስም። ጎረቤታችን ወለተ ሰንበት ፀሐይ ሲያርፍበት እስከ ገበያው ያበራል ብላ ስትቀና እኔም ደረቴን ነፋሁ። ክፍል ይውጣለት ብዬ የተሟገትሁት እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ስማር ያረፍሁበት ቤት የእንግዳውና የመኝታው ተለይቶ አይቼ ስመኘው ኖሬአለሁ። እናታችን ግን የመካከሉ ግድግዳ ሲቆም አይታ፣ «ትንፋሻችሁን ካልሰማሁ እንዴት አድርጎ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለች። የድሮ ሰው ነሽ ብዬ ሳቅሁባት። የሽቦ አልጋ አንጥፌ በውስጠኛው ክፍል አስተኛኋት፤ መደቡም ከድሮው ቤት ጋር ፈረሰ።

ከዚህ በታች ያለውን ለልጆቹ አታንብብላቸው።

ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶ ወረደ። እናታችን ውጋት ይዟት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ጧት ግን የአጃ አጥሚት ጠጥታ ትንሽ ተሽሏት ስለነበር፣ ትረፍ ብዬ በውጪው ክፍል ጥጥ እፈትል ነበር። ቆርቆሮው ጮኸ። እንዝርቴ ከእጄ ሲወድቅ እንኳ አልሰማሁትም። በረዶው ሲያባራ ገባሁ። ከአልጋዋ ወርዳ፣ እየዳኸች እስከ ግድግዳው መጥታለች። አዲሱ ልስን በጥፍሯ ተፍቋል። ስትጠራኝ ነበር፣ ወንድሜ። በመካከላችን የነበረው አንድ ስንዝር ጭቃ ነው።

ልጆችህ ቆርቆሮውን በክፉ እንዳይስሉት። አንተ በደግነት ነው የላክኸው፤ እሷም ለመጣ ሰው ሁሉ «ልጄ አለበሰኝ» ትል ነበር። ግድግዳው የእኔ ነው። አሁን አፍርሼዋለሁ። ጭቃውን መልሼ በጭድ ረገጥሁና አራት ክንድ መደብ ሠራሁበት፤ ሰው በብዛት እየመጣ ስለሆነ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር።

ደብዳቤውን ያመጡልህ አጎታችን ጋሼ አንሙት ናቸው። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከሉማሜ በአውቶቡስ ተሳፍረው ነው የሚመጡት። እንዲህ ያለ ነገር በማለዳ ደጅ ተሄዶ በአፍ ይነገራል እንጂ በወረቀት አይጻፍም ብለው ተቆጥተውኛል። እኔም አልጻፍሁትም። ብቻ ልጆቹ የጠየቁትን አስቀድሞ ያንብብላቸው፣ ኋላ ልብ አይኖረውም ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኋቸው። እስክትጨርስ ዝም ብለው ሊጠብቁህ ቃል ሰጥተውኛል።

አምላክ ለልጆችህ ዕድሜ፣ ላንተ ብርታት ይስጥልኝ። ስትመጣ ቦታህ እንደ ድሮው ከበሩ አጠገብ ነው። ከበረደህ ወደ እኔ ክንድ ተሻገር።

አሁን ወረቀቱን አጥፈው፤ ቀና በልና አጎታችንን እያቸው።

ታላቅ እህትህ