ያልነሳው ኮምፒዩተርና የሐሊማ ስም

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 1980 ዓ.ም.
አልነሳም አለ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ጠዋት መብራቱ ሄድ መጣ ሲል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የቢሮአችን ኮምፒዩተር ጭጭ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። በድርቁ ጊዜ ከመጠለያ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ የተላኩት ልጆች ስም ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። የወረቀቱን መዝገብ ክረምት ላይ ጣራው አፍስሶ አበስብሶታል። ፍሎፒ ላይ ገልብጪ ተብዬ ነበር፤ ነገ ዛሬ ስል ቀረ። ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። እሱ ባሰብኝ። ወደ አዲስ አበባ ደወሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 17
እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ከአሊዩ አምባ መጡ። ዳገቱን በእግር፣ ከአንኮበር ወዲህ በጭነት መኪና። በድርቁ ጊዜ መጠለያ ውስጥ በጠና ታመው ራሳቸውን ስተው ሳለ ልጃቸውን ሐሊማን የመጠለያው ሰዎች ወስደዋታል። ወዴት እንደሆነ የሚነግራቸው አጥተዋል።
«ደብረ ብርሃን ያለው ስም የሚይዘው መኪና ያውቃል ብለውኝ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።
ተበላሽቷል ማለት አቃተኝ። ባለሙያ እየጠበቅን ነው አልኩ። የቆላ ሰው ናቸው፣ ብርዱ አንቀጠቀጣቸው። ቤቴ ወሰድኳቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 18
ግርማ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ ሌላ ኮምፒዩተር ጭኖ መጣ። የእኛን ፈታው። ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነድዷል።
«ጽሑፉስ?» አልኩት።
ከመጽሐፍ የማይበልጥ የብረት ሳጥን አወጣ። «እዚህ ውስጥ ነው። ይሄ ካልተነካ አለ።»
ያ ሁሉ ልጅ እዚህ ውስጥ? ሳጥኑን ካመጣው ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ አበራ። ሳጥኑ ውስጥ አንዳች ነገር ተንጓጓ። ከዚያ በላቲን ፊደል የከተብኳቸው ስሞች አረንጓዴ ሆነው፣ መስመር በመስመር፣ ወጡ። በገዛ እጄ የጻፍኳቸው ናቸው፤ ግን መጀመሪያ እንዳየኋቸው ሆንኩ። እትዬ ዘሀራ «ሱብሃነላህ!» ብለው የኮምፒዩተሩን መስተዋት በመዳፋቸው ነኩት።
ሐሊማ የሚባሉት ብዙ ናቸው። በአባቷ ስምና በአገሯ ለየናት። ናዝሬት ያለው ማሳደጊያ ናት። ወይም ያኔ ናዝሬት ነበረች።

ሐሙስ፣ ጥር 19
ጠዋቱን ሙሉ ስሞቹን ፍሎፒ ላይ ስገለብጥ አረፈድኩ። የናዝሬት ስልክ የገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አለች አሉን! እስክትጠራ ጠበቅን። መነጋገሪያውን ለእትዬ ዘሀራ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ጀመር።
«ምን አለች?» አልኳቸው።
«ምንም» አሉኝ በሹክሹክታ፣ እንባቸው እየወረደ። «ትተነፍሳለች።»