ከታምራት ቤት ያልወጣው ጽዋ

ይድረስ ለግርማዬ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ደህና እንደሆንክ ሰው ሁሉ ሲነግረኝ ከርሟል። አፈርህ ሳይደርቅ "ነፍሱ በአብርሃም እቅፍ ናት" ያለኝን ሁሉ በጥፊ ማለት ያምረኝ ነበር። አንዷን ብያታለሁም፤ እህትህን። ይቅር ብላኛለች፣ ግን እስከ ዛሬ ስትስመኝ አንድ ጉንጯን ብቻ ነው የምትሰጠኝ።

ቤቱ ያው እንደተውከው ነው። አቧራውን ስትረግምለት የኖርከው መንገዳችን አስፋልት ለበሰ፤ አሁን ባጃጁ ሁሉ በራችን ላይ ይበርራል። ጓሮ ያለው አቦካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ፤ የሚወጣበት ሰው ጠፍቶ ወፍ በላው። ማለዳ ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ ማይክራፎን፣ የመስጊዱ አዛን፣ ከማዶ የጴንጤዎቹ አዳራሽ መዝሙር እንደ ድሮው ይጋፋሉ። አንተ "የእግዚአብሔር ጆሮ መቼም አይሞላም" እያልክ ትስቅ ነበር። እኔ ግን ትራሴን ጆሮዬ ላይ እጭን ነበር። ሳሎን ያለውን የሚካኤልን ሥዕልም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አኮረፍኩት፤ ምን አለበት፣ ከባልም ይኮረፋል።

አንተ የምታምነው ዝም ብለህ ነበር። ፒያሳ ያለውን የጎሚስታ ሱቅህን ከፍተህ ኮምፕሬሰሩን ሳታስነሣ ታማትብ ነበር። የቸኮለ ደንበኛ አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ሆኖ አምላክህ ጎማ ይነፋል እንዴ ብሎ ቢያሾፍብህ፣ ጎማውን እኔ እነፋለሁ፣ እኔን ማን ይነፋኛል አልከው። ማታ ስትነግረኝ በሳቅ ሞትን። ልጃችን ናሆም ብቻ አልሳቀም። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ሃይማኖትን የሚያየው እንደ ሱፍ ልብስ ነው፤ ለሠርግና ለቀብር አውጥተው የሚለብሱት። ተው አላልከውም። እኔ ስጨቀጭቀው እንኳ "ጊዜው የሱ ነው፣ በጊዜው ያገኘዋል" ነበር መልስህ።

አሁን ስለዚያ ቀን ልጽፍልህ ነው። አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ጽፌው አላውቅም፤ ካልጻፍኩት ደግሞ አይወጣልኝም።

ዕለቱ የሚካኤል ነበር። የጽዋ ማኅበራችን ተራ የታምራት፣ የሚቀጥለው ወር የኛ። ከሰዓት በኋላ እሱ ቤት ተሰብስበን ጠጥተን፣ ጽዋውን ተቀብለን፣ ማኅበርተኛው በእልልታ እስከ ቤታችን ሊሸኘን ነው። እኔ ጽዋው የሚያርፍበትን ጠረጴዛ ከጠዋት ጀምሬ ነጭ ጨርቅ አልብሼ ጨርሻለሁ። ታምራት ደግሞ ለማኅበሩ ያስጋገረውን ድፎ ዳቦ ከፒያሳ ተቀብሎ ሲመለስ አንድ የቀን ሠራተኛ ስልኩን መንትፎት ሮጠ። ሌባ፣ ሌባ ተባለ። ሰውየውን ጠልፈው የጣሉት አንተ ሱቅ ፊት ለፊት ነው።

አንዱ በጫማው አፉን ረገጠው። አንዱ ቀበቶውን ፈትቶ በብረቱ በኩል ፊቱን ገረፈው። ሰውየው ጥርሱን ከደሙ ጋር እየተፋ በእናቱ ይለምናል። ከዚያ አንዱ ቤንዚን አምጡ ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ከአንተው ደጅ አሮጌ ጎማ ማንከባለል ጀመረ። በአንገቱ አጥልቀው ሊያቃጥሉት! በአንተ ጎማ!

ይህን ሁሉ የነገረኝ ሸምሱ ነው፤ ከሱቅህ ጎን ሻንጣ የሚሸጠው ወዳጅህ። የጎማ ማውጫውን ብረት እንደያዝክ ሮጠህ ወጣህ። ብረቱን ሲያዩ ሰዎቹ የሚመታ ሰው የተጨመረላቸው መስሏቸው መንገድ ለቀቁልህ። ያኔ ብረቱን ሸምሱ እግር ሥር ወረወርከውና ባዶ እጅህን ገብተህ ሰውየው ላይ ተኛህበት። ምነው ባትጥለው ግርማዬ? ምነው አንዱን እንኳ አናቱን ብለኸው ቢሆን! ስንት ቀን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስለዚህ ብረት ተሳድቤብሃለሁ።

ታምራት ዳቦውን ለአንዲት ሴትዮ "ያዥልኝ" ብሎ ሰጣት። ነጠላው ትከሻው ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣ። ያለመው ሌባውን ነበር። ያገኘው ግን አንተን ነው፤ ጆሮህ ሥር። ሚዜህ ነበር፤ የሠርጋችን ቀን ላብህን የጠረገልህ እጅ ነው። ሸምሱ ሌላ ነገር ቢያጣ የሚሰግድበትን መስገጃ ጠቅልሎ ቁስልህ ላይ ያዘልህ። እስከ ሐኪም ቤት በር ድረስ ያዘልህ። ከዚያ በላይ አልቆየህም።

ሌባው ተነሥቶ ሄደ። ስልኩ እውነትም ኪሱ ውስጥ ነበር። ንጹሕ ሰው ቢሆን እንኳ በተጽናናሁ። የሞትክለት ሰው ቀብርህ ላይ አልመጣም፤ አንዲት ጧፍ አላበራልህም።

የሠልስትህ ዕለት ሸምሱ የመለሰልኝን ብረት በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁና የታምራትን ሱቅ መስተዋት አንድ ሳላስቀር አረገፍኩት። ስብርባሪው ፊቴን ቆራርጦት ደሙ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ እኔ እመታለሁ። ሚስቱ ወርቅነሽ ከውስጥ ቆማ ታየኛለች፤ አልሸሸችም። አለመሸሿ ይበልጥ አሳበደኝና ብረቱን አነሣሁባት። ሸምሱ ነው ከኋላ አንሥቶ ተሸክሞኝ የወጣው። ክንዱን ነክሼው የጥርሴ ምልክት ቀርቷል፤ እስከ ዛሬ ያሳየኛል፣ ይስቅብኛል።

ፍርድ ቤቱ ታምራት አስቦ አልገደለም ብሎ ቀለል አድርጎ ፈረደበት። ጽዋው ግን እዚያው ቤት ቀረ። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ከማኅበርተኛው ሁሉ ሕግ አጥባቂው አንተ ነበርክ። ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል እንጂ ተራ አይዘልም፤ ቂም የያዘም አይነካውም። ተረኛዋ እኔ ነኝ። የምቀበለው ደግሞ ከወርቅነሽ እጅ። ስለዚህ ማኅበሩ ቆመ። በየወሩ ሚካኤል ሲደርስ ሰዉ ተሳልሞ ወደየቤቱ ይገባል፤ በኔ ምክንያት አንድም ቀን አልተጠጣም። ሌላ ጽዋ እንግዛ ያሉም ነበሩ። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴያችን አባባ ደስታ ግን የተያዘው ሸክላው አይደለም ብለው እምቢ አሉ። በየጊዜው እየመጡ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ እኔም በየጊዜው ውሃ አጠጥቼ እመልሳቸዋለሁ።

እንዲህ እያልን ሳለ መስከረም ላይ ወሬ መጣ፤ ታምራት በአመክሮ ሊፈታ ነው። በዚያው ቀን ናሆም ብረቱን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ዘይት ሲቀባው አገኘሁት። ዝገት እንዳይበላው ነው አለኝ። ሳህን አጥቦ የማያውቅ ልጅ ብረት ሲወለውል ምን ማለት እንደሆነ ለእናት አይነገራትም። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። የሆነ ሰው ሊያደርገው ነው አልኩ። ከዚያ የልጄን እጅ አየሁት፤ ያንተው እጅ፣ አውራ ጣቱ ሳይቀር። ታምራትን ገድሎ ያ እጅ በካቴና ሲታሰር ታየኝ።

ለመንኩት። በአባትህ አጥንት አልኩት፣ ስለ እግዚአብሔር አልኩት። ብረቱን እየወለወለ አዳመጠኝ። ሲጨርስ ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦ "አንቺ ከወርቅነሽ እጅ ጽዋውን ተቀብለሽ ከጠጣሽ፣ እኔም ይህን አስቀምጣለሁ። ካቃተሽ ግን ስለ እግዚአብሔር አትንገሪኝ።"

ሥዕሉን ያዞርኩት እኔ፣ ቅዳሴ የተውኩት እኔ፤ በምን አፌ? ወጥቼ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። የእኩለ ቀን ሶላቱን እየሰገደ ነበርና ደጅ ቆሜ ጠበቅኩት። የሚሰግደው በዚያው መስገጃ ላይ ነው። አጥቤ ስመልስለት ሌላ ይገዛል ብዬ ነበር፤ ያንተ ደም ቡናማ ሆኖ ጥግ ላይ ቀርቷል። ለምን አልቀየርከውም ብዬ ብጠይቀው፣ እዚህ ላይ ስሰግድ ልቤ አይሸሽም አለኝ። ይቅር በይ አላለኝም፤ ቢለኝ ሌላኛውን ክንዱን እነክሰው ነበር። ሻይ አዘዘልኝና ጠጣን።

የጥቅምት ሚካኤል ሄድኩ። ተዘጋጅቼ እንዳይመስልህ። ወደ ወርቅነሽ ቤት ስገባ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ጽዋውን ተቀብዬ ፊቷ ላይ እሰብረዋለሁ። ሸክላ ሲሰበር ይቆርጣል። ናሆምም ተከትሎኝ መጥቶ የግቢው በር ላይ ቆመ፤ ጃኬቱን ቆልፎ ክንዱን በጎኑ አጣብቋል፤ ምን እንደያዘ አውቃለሁ። ቄሱ ጸሎት አደረሱ። አባባ ደስታ እንደ ሥርዓቱ የተቀያየመ አለ ወይ ብለው ጠየቁና መሬት መሬት አዩ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ እኔም።

ወርቅነሽ ጽዋውን ይዛ መጣች። ያቺ ደልዳላ ሴት አልቃለች፤ ቀሚሷ ሌላ ሰው የለበሰችው ይመስላል። ስትዘረጋልኝ ጠላው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ዓይኔን ስታየው ሐሳቤን አወቀችው። ማንም ሳይሰማ፣ "ብትሰብሪብኝም እሺ። ብቻ ተቀበዪኝ" አለችኝ።

ተቀበልኳት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ከፍ አደረግኩት፤ ለመስበር ይሁን ለመጠጣት እስከ መጨረሻው እጄ አልነገረኝም። ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ደም ደም አለኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ በጥሼው ኖሯል። ከደሜ ጋር ጠጣሁት። እየጠላኋት ጠጣሁት። ሰላም ወረደልኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ምንም አልወረደልኝም። እስከዚያ ቀን እምነት የሚሰማኝ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ከንዴት በቀር ምንም ሳይሰማኝ እጄ ሠራው። አንተም ብረቱን ስትጥል እንዲህ ነበርክ? ፈርተህ ነበር? ይህን ብትነግረኝ እንዴት በወደድኩ።

እልል ብለው ሸኙኝ። ጽዋው እነሆ ያን ጊዜ ባለበስኩት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ወርቅነሽ ከኋላ ከኋላ ስትከተል መጥታ በራችን ጋ ስትደርስ ቆመች። ግቢ አላልኳትም። ለአንድ ቀን ይበቃኛል።

በማግስቱ ጠዋት ናሆም ብረቱን ይዞ ወጣ። ቃሉን የበላ መስሎኝ ነጠላዬን ሳልደርብ በባጃጅ ተከተልኩት። ፒያሳ ደርሼ ሳይ ሱቅህን ከፍቷል። ከአንድ ባጃጅ ጎማ ጋር እየታገለ ነው። አይችልበትም፤ ብረቱን የሚያስገባው በተሳሳተ በኩል ነው፤ ሸምሱ እየሳቀበት ያሳየዋል። ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ያመነ አይመስለኝም። ግን ቃሉን ጠበቀ፤ ያንተ ልጅ ነው። ማታ ተመልሼ ሥዕሉን አዞርኩት፤ እኔና ሚካኤል ገና አልታረቅንም፣ ቢያንስ ፊት ለፊት እንተያያለን።

ግርማዬ፣ የኅዳር ሚካኤል ተራው የኛ ነው። ታምራት እስከዚያ ይወጣል። ማኅበርተኛ ነውና ሕጉ ይጠራዋል፤ በሩን የምከፍትለትም እኔ ነኝ። ሰዉ ሁሉ የት ታስቀምጪዋለሽ እያለ ይጨነቃል። እኔ ጨርሻለሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው ያንተ ወንበር ከሄድክ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ናሆምም እንኳ። እዚያ አስቀምጠዋለሁ። ዳቦውን በእጄ ቆርሼ እሰጠዋለሁ፤ ጽዋውንም በእጄ። ዳቦውን ለሰው አስይዞ የሚያነሣው ነገር እንዳይኖር ሁለት እጁን እሞላለታለሁ። አንተን አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። ተራችን በደረሰ ቁጥር እዚያው ወንበርህ ላይ እያስቀመጥኩ፣ እሱም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም።

ያንተዋ፣
የናሆም እናት