አበልጃችን ያመጡት ፕሮሰሰር

ዲሴምበር 11
በንድፉ ላይ አንድ መሳቢያ ባዘዋወርኩ ቁጥር የኮምፒውተሬ ስክሪን ቀጥ ይላል። የአንድ ወጥ ቤት ንድፍ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። የካቢኔ ሠሪው ድርጅት ኃላፊ ስሬተን ደወለ። እስከ ገና ካላፋጠንኩ ሥራውን ለሌላ ሊሰጥ ነው። በጨዋነት ነው የነገረኝ፣ እሱ ነው የባሰው። ይሄ ሥራ ከሄደ የራሴ የምለው ምን ይቀረኛል?
ሙሉ ኮምፒውተር መግዛት የማይታሰብ ነው። አንጎሉን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ብቻ ልቀይር...

ዲሴምበር 14
ሳማርጥ ሰነበትኩ። ብዙ ኮር (ጎን ለጎን የሚሠራ ክፍል) ያለው ይሻለኛል ወይስ ጥቂት ሆኖ ፈጣኑ? ስነድፍ ፍጥነቱ ይጠቅመኛል፣ ንድፉ እንደ ፎቶ ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ብዛቱ። መካከለኛውን ልገዛ ወሰንኩ። ዋናው ፕሮሰሰሩ በሚሰካበት በእኔ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ መግጠሙ ነው። አዲሶቹ አይገቡበትም።
ባለቤቴ ኔቦይሻ ግን አፉ አያርፍም፣ ለአበልጃችን ለቬሊሚር ነገራቸው። ልጃችንን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። "ምንም እንዳትገዙ፣ እኔ አመጣለሁ" አሉ። አበልጅ አመጣለሁ ካለ በእኛ ከተማ በቻቻክ ማን እምቢ ይላል?

ዲሴምበር 19
የቤታችን በዓል፣ የጠባቂያችን የቅዱስ ኒቆላ ቀን። ዓሣ፣ የተቀቀለ ስንዴ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ። ቬሊሚር ካርቶኑን ይዘው ገቡ። ገና ሳየው አወቅሁ። የመጨረሻው አዲስ፣ ውድ... ለእኔ ማዘርቦርድ የማይሆን።
እንግዶቹ ጽዋ አነሱላቸው። ከበዓሉ በኋላ እንገጥመዋለን ብል አልሰሙኝም፣ ጠመንጃ መፍቻ ጠየቁ። ጠጋ ብዬ የሚገባ አይመስለኝም አልኳቸው።
"ዕድሜዬን ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አንቺ ደግሞ።"
መፍቻውን አቀበልኳቸው። ኔቦይሻ ሳህኑን ያያል። የድሮውን ነቅለው አዲሱ አልገባ ሲላቸው ጫን አደረጉት። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት የመቀመጫው ቀጫጭን መርፌዎች ተጣመሙ። ከዚያ ወዲያ የድሮውም ቢመለስበት ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ወይን ተቀዳ፣ ወሬ ተቀየረ።
የምናደደው በማን ነው? በራሴ መሰለኝ።

ዲሴምበር 20
ሥራ የለም። ቬሊሚርም አልደወሉም።

ዲሴምበር 22
ቤታቸው ሄድኩ። ጢማቸውን አልተላጩም። ሳልቀመጥ ተናገርኩ፦
"አበልጄ፣ እንደማይገባ ካርቶኑን ሳየው አውቄ ነበር።"
"ታዲያ ለምን እጄን አልያዝሽም?"
"እርስዎ አበልጅ ነዎት።"
"አበልጅ ቤት ሲያፈርስም ዝም ይባላል?" አሉና ትንሽ ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ጠፋ። "ባለሱቁን ጠየቅሁ፣ ጎረቤቴን ጠየቅሁ። የምትሠሪበትን አንቺን አልጠየቅሁም።"
አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም... ቀሎኝ ይሆናል።

ዲሴምበር 27
እሳቸው ላመጡት ፕሮሰሰር የሚሆን ማዘርቦርድና ሜሞሪ መረጥኩ፤ እኔ ካልከፈልኩ ብለው እሳቸው ገዙት። እኔ ስገጥም ባትሪ አበሩልኝ። ተነሳ! የወጥ ቤቱ ንድፍ ሻይ እስክጠጣ ድረስ ተሠርቶ ወጣ። ስሬተን ሌላ ሥራ ላከ።

ጃንዋሪ 9
ቬሊሚር ደወሉ። ለልጅ ልጃቸው ኮምፒውተር ሊገዙ ነው። እንደልማዳቸው የገዙትን ሊነግሩኝ መስሎኝ ነበር።
"ምን ዓይነት ፕሮሰሰር ይሻላል?" አሉኝ።
በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል። ልጁ ለምን እንደሚፈልገው ጠይቄ ጀመርኩ።
"ቀስ በይ እንጂ" አሉ፣ "እየጻፍኩ ነው።"