በቅርስ ሰሌዳ ስለ ተበሳው በራችን

ለክቡር አቶ ክሪስፒን ሃርግሪቭ
የአውራጃው የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በተለይ ኮትዎ ደርቆልዎት ከሆነ የእኛ የፔንሃሎው ሰዎች ደስታ ወሰን የለውም።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራውን የመርከብ መጠገኛ ገንዳችንን በቅርስነት ስለ መዘገቡልን አስቀድሜ አመሰግናለሁ። አያቶቻችን መርከብ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ውሃውን አውጥተው ሆዷን ሲጠግኑበት ተራ የሥራ ቦታ መስሏቸው ነበር። ዛሬ በውስጡ ያለችው የመንደራችን መሻገሪያ ጀልባ ናት፤ ሆዷ ደርቆ ቀለም ካልተቀባ በስተቀር የማዶ ሰዎች ዳቦ ለመግዛት እንኳ ኮረብታውን ሁሉ መዞራቸው ነው። ስለዚህ ጥቂት አቤቱታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. የእንጨቱ በር ያፈሳል፤ ድሮም ያፈስ ነበር። ሲያፈስ ባሕሩ የሞላበትን ሰዓት ጠብቀን አመድና ሰጋቱራ ከውጭ በኩል እንበትናለን፤ ውሃው ራሱ ስቦ ስንጥቁ ውስጥ ይወትፈዋል። ጽሕፈት ቤትዎ ግን አመድ «ለታሪካዊው በር ባዕድ ነገር ነው» ሲል ከለከለን። በሩ እስከ ዛሬ የጠጣው አመድ ከእንጨቱ ሳይበልጥ አይቀርም፤ እርስዎ ካሉ ግን ባዕድ ነው።

፪ኛ. ገንዳው ጥበቃ እንደሚደረግለት የሚያበስረውን የናስ ሰሌዳ ሠራተኞችዎ እዚያው በር ላይ በትራፓኖ በስተው ሰቀሉት። ለሥራቸው የማይሰስቱ በመሆናቸው አንዱን ቀዳዳ እስከ ባሕሩ ድረስ አዘለቁት። ከዚያም ብሎን አለቀባቸውና ክፍቱን ትተውት ሄዱ።

፫ኛ. በምረቃው ዕለት በሩን ተደግፈው ስለ ጥንካሬው ሲናገሩ ባሕሩ ሞላና ያ ቀዳዳ ጀርባዎን አጠበው። ቀለም ቀቢያችን ዴመልዛ «አይደንግጡ ጌታዬ፣ ውሃውም ቅርስ ነው!» ማለቷ በእርግጥ ነውር ነው። የጀልባዋ ነጂ አጎቴ ጃጎም «ዝም በይ አንቺ፣ ሰውዬው ጠበል ላይ ናቸው» ብሎ መገሠጹ ነገሩን አላሻሻለውም። እኔ አልሳቅሁም፤ ጀልባዋ ሥር ገብቼ ነው የሳቅሁት።

እንግዲህ ወይ አመዱን ይፍቀዱልን፣ ወይ ባልዲ ይዘው ይምጡና አብረን እንቅዳ። እስከ ሐሙስ መልስዎ ካልደረሰኝ ግን ዝምታዎን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ፣ ባሕሩ ሲሞላ የቤቴን ምድጃ አመድ ይዤ እወርዳለሁ።

በጥበቃዎ ሥር በየዕለቱ እየራስሁ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ሄድሊ ናንከርቪስ
የገንዳው የሥራ አለቃ

ማስታወሻ፦ ሲሮጡ የወደቀብዎትን የሐር ሻርፕ ሰሌዳው ሥር ባለው ቀዳዳ ወትፈነዋል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ጠብ የሚል ነገር የለም። ከጽሕፈት ቤትዎ እስካሁን ያገኘነው ጥገና እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ ባዕድ ነገር ነው ብለው አይውሰዱብን።